መጥኖ መደቆስ፤ ከሕፃን ልጅ ጋር ስለሚደረግ የሁለት ቀን ዕረፍት

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ገንዘብ አጠባበቅ ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ቀላል መስሎ ስለሚታይ፥ ዳሩ ግን ብዙ ቤተ ሰብ ስለሚቸገርበት አንድ ነገር ልናመለክት አሰብን። ይኸውም በወር ደመወዝ የሚኖር ሰው ኪሱ ሳይጎዳ፥ ሕፃን ልጁንም ሳያንገላታ፥ ቅዳሜንና እሑድን ከከተማ ወጥቶ እንዴት ሊያርፍ እንደሚችል ነው።

ዕረፍት የሰነፍ ሥራ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ሁለቱን ሰንበታት ማክበር በአገራችን የቆየ ሥርዓት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1450 ዓመተ ምሕረት፥ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ፥ ቀዳሚት ሰንበት እንደ እሑድ እንድትከበር መወሰኑ በታሪክ የታወቀ ነው። ስለዚህ የሁለት ቀን ዕረፍት ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነብን ዕረፍቱን ከልጅ ጋር ማሳለፍ ነው። ከሰኞ እስከ ዐርብ በመዝገብ ተከበን እንውላለን፤ ወደ ቤት ስንገባ ልጁ ተኝቷል፤ ስንወጣም ገና አልነቃም። ቅዳሜ ለቅሶ፥ እሑድ ሠርግ ወይም ማኅበር ይመጣል። እንዲህ ሲሆን ልጁ አባቱን የሚያውቀው በሌሊት በሚሰማው የበር ድምፅ ብቻ ይሆናል።

ይህን በመገንዘብ ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር አንድ ጉዞ አሰናዳን። ያን ጊዜ ልጃችን 3 ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር። የሥራ ባልደረቦቻችን በላንጋኖ ሐይቅ ዳር የተነሡትን ፎቶግራፍ ስላሳዩን፥ እኛም ከእነርሱ እንዳናንስ ብለን ወደ ላንጋኖ ለመሄድ ቆረጥን። መኪና ከአንድ ወዳጃችን ተዋስን፤ ገንዘብም ከሌላው ተበደርን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይህ ነው። ቅዳሜ ማለዳ መነሣት ሲገባን፥ ዕቃ ስንጭንና ስናወርድ ከረፈደ በኋላ ተነሣን። መንገዱ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ልጁ ከሞጆ ሳናልፍ አስመለሰው፤ ከዚያም በየጥቂቱ እያቆምን፥ እያጠብንና እያባበልን ስንሄድ መሸ። የመኝታው ዋጋ በወሬ ከሰማነው እጥፍ ሆኖ አገኘነው። በነጋታው ልጁ ትኩሳት ይዞት አደረና ሐይቁን ሳናየው ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። ብድሩን ከፍለን የጨረስነው በአራተኛው ወር ነው። ከብድሩ ይልቅ የከፋው ግን፥ ከዚያ በኋላ ልጁ «ጉዞ» የሚል ቃል በሰማ ቁጥር ከእናቱ ቀሚስ ሥር መግባቱ ነበር።

በዚያ ሰሞን አንድ ማታ ባለቤታችን፥ «ለመሆኑ የሄድነው ለልጁ ነው ወይስ ለሚወራው ነው?» ብለው ጠየቁን። በችሎት ብዙ የጥያቄና የመልስ ቃል ጽፈናል፤ ለዚህ ጥያቄ ግን የሚሆን መልስ አላገኘንም። እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም የሚለውን ተረት ለሰው ስንመክርበት ኖረን ለራሳችን ረስተነው ነበርና። ስለዚህ ከባለቤታችን ጋር ተቀምጠን፥ ስሕተታችንን አንድ በአንድ ቈጥረን፥ ሌላ ጉዞ እንደገና ከመጀመሪያው አሰናዳን። ከዚህ በታች የምንጽፈው ከዚያ የተማርነውን ነው።

የመጀመሪያው ነገር የመንገዱ ርዝመት ነው። ከሕፃን ጋር የሚሄድ ሰው መንገዱን መለካት ያለበት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በልጁ ትዕግሥት ነው። አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከአንድ ወይም ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ታስሮ መቀመጥ ጭንቅ ይሆንበታል። ስለዚህ ላንጋኖን ልጁ እስኪያድግ ድረስ አቆየነው፤ ወንጪንም እንዲሁ፤ መንገዱ ሩቅ፥ ተራራውም ብርድ ነውና። የመረጥነው ቢሾፍቱን ነው። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በቃሊቲ፥ በአቃቂና በዱከም የሚያልፈው የቀድሞው መንገድ አለ፤ ቀረጥ የሚከፈልበት የአዳማ የፍጥነት መንገድም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2014 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ አለ። መኪና የሌለውም ሰው በአውቶቡስ ወይም በሚኒባስ ሊሄድ ይችላል። መኪና ከመዋስ ይልቅ በሚኒባስ ሄደን ለልጁም የራሱን ወንበር መክፈል እንደሚረክስ በኋላ አስበን አገኘነው። የተዋሱት መኪና ቤንዚኑን፥ ጎማውንና ይሉኝታውን ይዞ ይመጣልና።

የመነሻውም ጊዜ ቍም ነገር ነው። ቅዳሜ ከጧቱ በ1 ሰዓት የሚነሣ ሰው ሙቀቱንና የመኪናውን ብዛት ያመልጣል። ለልጁ ከመነሣቱ በፊት ቀለል ያለ ቍርስ መስጠት ይሻላል፤ ወተት አጥግቦ መንገድ ማስጀመር ለማስመለስ ማዘጋጀት ነው። ከመነሣትም በፊት በሚሄዱበት መንገድ ሰላም መኖሩን ከዚያ አገር ሰው መጠየቅ አይረሳ።

ሁለተኛው ነገር ገንዘብ ነው። ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቈጥር ወንጌል ያስተምረናል። ባልቴቶቻችንም ድስት ጥዶ ከማልቀስ መጥኖ መደቆስ ይሻላል ሲሉ የሚነግሩን ይህንኑ ነው። እኛም ለሁለተኛው ጉዞ ሦስት ወር ሙሉ ከደመወዛችን ጥቂት ጥቂት እያነሣን በአንድ ፖስታ ውስጥ አኖርን፤ በፖስታው ካለው በላይ አንዲት ብር ላለማውጣትም ተስማማን። ገንዘቡን በ10 እጅ ከፍለን 3ቱን ለመኝታ፥ 2ቱን ለመንገድ፥ 2ቱን ለምግብ፥ 1ዱን ለመግቢያና ለልጁ ጨዋታ መደብን። የቀሩት 2ቱ እጅ ግን ለሕመም ወይም በድንገት ለመመለስ ቢያስፈልግ ተብለው በባለቤታችን ቦርሳ ለብቻቸው ተቀመጡ። በመጀመሪያው ጉዞ ያሳፈረን ይህ ተቀማጭ አለመኖሩ ነው። ልጁ በታመመ ጊዜ መድኃኒት የገዛነው በብድር ገንዘብ ነበርና።

ሦስተኛው ነገር ማደሪያ ነው። ብዙ ሰው ከሐይቁ ዳር ካላደርሁ ዕረፍት የለም ይላል። ለአራት ዓመት ልጅ ግን በውድ ሆቴል መስኮት የሚታየው ሐይቅና በእግር ሄዶ የሚያየው ሐይቅ አንድ ነው። ስለዚህ መካከለኛ በሆነ ማደሪያ በከተማው ውስጥ አድሮ፥ ቀን ወደ ሐይቁ ዳር ወርዶ ሻይ መጠጣት ወጪውን እጅግ ያቀላል። አንዳንዶቹ የሐይቅ ዳር ሆቴሎች ለማደር ሳይሆን ለመዋል ብቻ የሚመጣውን እንግዳ በመጠነኛ ክፍያ ያስተናግዳሉ። ከመሄድ በፊት ግን ደውሎ ዋጋውን ማስነገር፥ ከተነገረውም ዋጋ ላይ ቀረጥና የአገልግሎት ክፍያ የሚጨመር መሆኑን መጠየቅ፥ ልጁ ከወላጆቹ ጋር ቢተኛ ተጨማሪ የሚከፈል እንደሆነም ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በወሬ የተሰማ ዋጋ ዋጋ አይደለም።

ዘመድ ቤት ስለ ማደርም አንድ ቃል እንናገር። ይህ ከሁሉ የሚረክስ ይመስላል፤ ነገር ግን የኛን አገር ባሕል የሚያውቅ ሰው ሒሳቡን በትክክል ይሥራው። ባዶ እጅ አይኬድምና ቡናና ስኳር ይገዛል፤ ባለቤቱም እንግዳ መጣብኝ ብሎ ከአቅሙ በላይ ዶሮ ያርዳል። ልጁም ሰው ሲያይና ሲሳም አምሽቶ ያለ ሰዓቱ ይተኛል። ዘመድን መጠየቅ የተቀደሰ ሥራ ስለሆነ ለብቻው ይደረግ፤ ከዕረፍት ጋር ከተቀላቀለ ሁለቱም ይበላሻሉ። እንግዲያውስ የግድ ከሆነ፥ አስቀድሞ ተነጋግሮ የራስን ስንቅ ይዞ መሄድ ለሁለቱም ወገን ክብር ነው።

አራተኛው ነገር ምግብና ውሃ ነው። ሕፃን ልጅ አዲስ ቦታ ሲያይ አዲስ ምግብ አይወድም። ስለዚህ በቤቱ የለመደውን ዳቦ፥ የተቀቀለ ድንች፥ በሶ፥ ሙዝና ብርቱካን ይዞ መሄድ ሁለት ጊዜ በሆቴል ከማዘዝ ያድናል። በጾም ወራት በብዙ ምግብ ቤቶች ወተትና እንቍላል እንደ ልብ ስለማይገኝ፥ ገና ለጾም ያልደረሰ ልጅ ያላቸው ወላጆች ይህን አስቀድመው ማሰናዳት አለባቸው። የሚጠጣው ውሃ የታሸገ ወይም ሦስት ደቂቃ ያህል ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ቍራሽ ሳሙና በኪስ መያዝ ደግሞ ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል፤ የልጅ እጅ ከመብላቱ በፊትና ከመጸዳጃ በኋላ ከታጠበ ብዙ የሆድ ሕመም ይቀራልና።

አምስተኛው ነገር ጤና ነው። የልጁ ሆድ ቢላላ፥ ከመድኃኒት ቤት የሚሸጠውን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥቅሉ ላይ በታዘዘው ልክ በንጹሕ ውሃ በጥብጦ በየጥቂቱ ማጠጣት ነው። ይህ ካልተገኘ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያልተቈለለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት ይቻላል፤ ጨው ከዚህ እንዳይበልጥ መጠንቀቅ ያሻል። ልጁ አልጠጣም ካለ፥ ዐይኑ ከጎደጎደ፥ ከደነዘዘ ወይም በሰገራው ደም ከታየ ግን ሌላ ሳይሉ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። ወባም በአገራችን በተለይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ባሉ ቦታዎች፥ ይልቁንም ከክረምት በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ይበረታል። ቢሾፍቱ በዚህ ከፍታ አጠገብ ስለሆነ፥ የደጋ ሰው ነኝ ብሎ ሳይዘናጉ አጎበር ያለበትን አልጋ መጠየቅ ወይም የራስን አጎበር መያዝ መልካም ነው። ከተመለሱም በኋላ ልጁን ትኩሳት ቢይዘው፥ የት ሄዶ እንደ ነበረ ለሐኪሙ መንገር አይረሳ።

ስድስተኛው ነገር የቀኑ ምርጫ ነው። ከመስቀል በዓል በኋላ ባለው እሑድ በሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር የኢሬቻ በዓል ስለሚከበር፥ ከየአገሩ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ቢሾፍቱ ይመጣል። በዓሉን ለማክበር የሚሄድ ሰው ይህን አውቆ ይሂድ፤ ጸጥ ያለ ዕረፍት የሚሻ ግን ሌላ እሑድ ይምረጥ። እኛ የመረጥነው የጥር ወር መጨረሻን ነው። ዝናብ የለም፤ ሰማዩም ጥሩ ነው። የሌሊቱ ብርድ ግን ጋቢ ያስፈልገዋል።

እነሆ በዚህ ዐይነት ተሰናድተን ቅዳሜ ማለዳ ተነሣን፤ ከረፋዱ በፊትም ቢሾፍቱ ደረስን። በዚያ ያሉት ሐይቆች፥ ማለት ሆራ፥ ባቦጋያ፥ ኵሪፍቱና የከተማው ስም የሚጠራበት ቢሾፍቱ፥ ብዙዎቹ ከጥንት በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ የሆኑ ናቸው። ሁሉን በሁለት ቀን ለማየት መሞከር የመጀመሪያውን ስሕተታችንን መድገም ስለሚሆን፥ በቀን አንድ ነገር ብቻ ለማየት ወሰንን። ቅዳሜ አንዱን ሐይቅ ከላይ ከገደሉ ጫፍ ርቀን ቆመን አየን፤ ከቀትር በኋላ ልጁ ተኛ፤ እኛም ከስንት ዘመን በኋላ በቀን ተኛን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሌላው ሐይቅ ዳር ወረድን።

አሁን የምንናገረው የሚያሳፍረን ነገር ነው፤ ዳሩ ግን ለሌላው ወላጅ ይጠቅማልና አንሸሽገውም። ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሳለን ስልካችን ጮኸ። ስለ ሰኞ ቀጠሮ የሚመለከት ጉዳይ ስለ ነበረ ጥቂት እልፍ ብለን መነጋገር ጀመርን። ልጁ ከእናቱ ጋር ያለ መሰለን፤ ባለቤታችን ደግሞ ልጁ ከእኛ ጋር ያለ መስሏቸው ስንቁን ይሰበስቡ ነበር። ዘወር ብንል ልጁ ከውሃው ጫፍ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ቦታ ቆሞ ጠጠር ይወረውራል። ከኛ ቀድመው የደረሱት በዚያ ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። እጁን ይዘው አመጡልንና፥ «ጌታዬ፥ የሚሰጥም ልጅ አይጮኽም፤ ጆሮዎን ሳይሆን ዐይንዎን ያኑሩበት» አሉን። እውነታቸውን ነው። ሕፃን ሲሰጥም አፉ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ድምፅ አያሰማም፤ ለዚህም ጥልቅ ውሃ አያስፈልገውም፤ ጥቂት ደቂቃም ይበቃል። እነዚህ ሐይቆች ደግሞ ከዳር ጀምሮ ወዲያው የሚጠልቁ ናቸው፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ነው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በቤታችን አንድ ሕግ ቆመ። ውሃ ወይም ገደል ባለበት ቦታ ልጁ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ፥ የሚሰጠው «ልጁን ተረከቢኝ» ወይም «ይረከቡኝ» ይላል፤ የሚቀበለውም «ተረክቤአለሁ» ብሎ በቃል ይመልሳል። በመሥሪያ ቤታችን አንድ መዝገብ እንኳ ያለ ፊርማ ከእጅ ወደ እጅ አያልፍም፤ ልጅን ግን በመሰለኝ እናስተላልፍ ነበር። የተረከበውም ሰው ስልክ አያነሣም። ከዚህም በቀር ሙቀት ነው ተብሎ ልጅን በማናቸውም ሐይቅ ወይም ወንዝ ማጠብ አይገባም። በአገራችን በብዙ የሐይቅና የወንዝ ዳር፥ ከውሃ ቀንድ አውጣ የሚወጣ ረቂቅ ትል በቆዳ በኩል እየገባ የቢልሃርዚያ በሽታ ያመጣልና።

ከከተማ ወጥቶ ለማደር አቅም የማይፈቅድለት ወገን በዚህ ነገር ሊያዝን አይገባውም። ልጁ የሚፈልገው አዲስ አልጋ ሳይሆን የወላጆቹን ሙሉ ቀን ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው የእንጦጦ ደን ቅርብ ነው፤ በዚያ የተሠራው መናፈሻም ከ2013 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ክፍት ሆኗል። ስንቅና ሹራብ ይዞ ማለዳ መውጣት፥ ልጁን በዛፎቹ መካከል ማስሮጥ፥ ዐፄ ምኒልክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1889 ዓመተ ምሕረት የነገሡባትን የእንጦጦ ማርያምን ማሳለምና ለራት ቤት መግባት ይቻላል። የጉለሌ የዕፀዋት ማእከልም በዚያው አቅጣጫ ይገኛል። ቦታው ከፍታ ስለሆነ ልጁ ቶሎ ቢደክም እንዳይገረሙ፤ ቀስ ብሎ ማስኬድ ነው።

ወደ ጉዟችን ፍጻሜ እንመለስ። እሑድ ከቀኑ በ9 ሰዓት፥ የመኪናው ብዛት ሳይበረታ፥ ለመመለስ ተነሣን። ለችግር የተቀመጡት 2ቱ እጅ ሳይነኩ ስለ ተረፉ በዚያው ፖስታ ውስጥ ለሚቀጥለው ጉዞ ተመለሱ። ልጁን ከሁሉ ይልቅ ምን ደስ እንዳሰኘው ብንጠይቀው፥ ሐይቁን ወይም የውሃ ወፎቹን ይላል ብለን ስንጠብቅ፥ «ጠጠሩ» አለን። ጠጠርስ በደጃችንም ሞልቷል፤ በደጃችን ያልነበረው አብሮት የሚወረውር አባት ነው።

ዱከምን ስናልፍ በጭናችን ላይ ተኝቷል ስንል ዐይኑን ገልጦ፥ «አባዬ፥ ነገ ችሎት አለ?» አለን። አለ አልነው። ጥቂት አሰበና፥ «ከዚያስ በኋላ?» ብሎ ጠየቀን። ለእናቱ ጥያቄ መልስ አጥተን ነበር፤ ለዚህኛው ግን ቀኑን ቈርጠን ነገርነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከቀትር በፊት ያለው ጊዜ የእርሱ እንዲሆን ተስማማን፤ ለቅሶና ሠርግ ቢመጣም እርሱን ይዘን እንሄዳለን። ይህ ቃል ከገባን እነሆ ብዙ ሳምንት ሆኖታል፤ ሁለት ጊዜ አጕድለናል፤ ሁለቱንም ጊዜ ልጁ ቈጥሮ ነግሮናል። ባለዕዳው እንዲህ ጠንቃቃ ከሆነ ዕዳውን መክፈል ይሻላልና፥ አንባቢዎቻችንም በዚህ ሳምንት ፖስታቸውን እንዲያስቀምጡ፥ ቀናቸውንም እንዲቈርጡ በትሕትና እናሳስባለን።